ፕሮግራም ፋይሉን በምን ያውቀዋል?

በአዲስ አበባ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ስቱዲዮዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። አቀናባሪው ማታ ሥራውን ሴቭ አድርጎ ይወጣል። ጠዋት መጥቶ ፕሮጀክቱን ሲከፍት ከክሊፖቹ አንዱም የለም፤ ፕሮግራሙ በየክሊፑ ቦታ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ቀይ ሰሌዳ ደርድሮ ይጠብቀዋል። ክሊፖቹ ግን የትም አልሄዱም። ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ከመሰካቱ በፊት አንድ ደንበኛ ያመጣው ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ነበር። ፍላሹ «ኢ» የሚለውን ፊደል ያዘ፤ ትናንት «ኢ» የነበረው ሃርድ ዲስክ ዘግይቶ ሲሰካ «ኤፍ» ተባለ። ፕሮጀክቱ ውስጥ የተመዘገበው አድራሻ ደግሞ በ«ኢ» ነው የሚጀምረው። አንዲት ፊደል ስለተለወጠች የሳምንታት ሥራ መነሻውን አጣ።

ችግሩ በእጅ ይፈታል፤ ክሊፖቹ አሁን ያሉበትን ለፕሮግራሙ ማሳየት ይበቃል። ከኋላው ያለው ጥያቄ ግን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠሪዎችን ከስልሳ ዓመት በላይ ያነጋገረ ነው። ፕሮግራም ዛሬ ያገኘው ፋይል ትናንት ያየው ያው ፋይል መሆኑን በምን ያውቃል? የተሰካው ዲስክስ የትናንቱ ዲስክ መሆኑን? በዚህ ዳሰሳ የተሰጡትን መልሶች በየተራ አያለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ «ፋይሉ የታል?» የሚለው አንድ ጥያቄ አይደለም። አንዳንዴ የምንፈልገው በዚህ ቦታ ያለውን ፋይል ነው፣ ማንም ይሁን። አንዳንዴ ያንኑ ፋይል ነው፣ የትም ይሂድ። አንዳንዴ ደግሞ የትኛውም ቅጂ ይሁን ይዘቱን ነው የምንፈልገው። ፕሮግራሞች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጠይቀው የሌላውን መልስ ይዘው ሲሄዱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ አድራሻ ነው፦ ዲስኩ፣ ፎልደሩ፣ በፎልደሩ ውስጥ ያለው ሌላ ፎልደር፣ በመጨረሻ የፋይሉ ስም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየተዘረጋ የሚሄደውን ይህን አደረጃጀት አር. ሲ. ዴሊ እና ፒ. ጂ. ኒውማን በ1965 ለመልቲክስ ፕሮጀክት ባቀረቡት ጽሑፍ ዘርዝረውታል። ዩኒክስ ወረሰው፤ ዛሬ የማይጠቀምበት ኮምፒውተር የለም ማለት ይቻላል። የዲስክ ፊደሎቹ በሌላ በር ነው የገቡት። ጌሪ ኪልዶል በ1974 የሠራው ሲፒ/ኤም ፍሎፒ ማንበቢያዎቹን «ኤ» እና «ቢ» ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ በ1981 የወጣው ኤምኤስ-ዶስ ይህንኑ ወሰደ፤ ሃርድ ዲስክ ሲመጣ ተራው የ«ሲ» ሆነ። ፊደሉ ከመነሻውም ዲስኩን ለመለየት የወጣ አልነበረም፤ ዲስኩ የሚገባበትን ማንበቢያ ለመጥራት እንጂ። «ኤ» ውስጥ ጠዋት አንድ ፍሎፒ፣ ከሰዓት ሌላ ፍሎፒ ይገባል። የስቱዲዮው ጣጣ ዘሩ ከዚያ ነው።

አድራሻ ቤቱን ይናገራል እንጂ ተከራዩን አያውቅም። ሆኖም አድራሻን መናቅ አይገባም። ሰው የሚያነበው፣ በስልክ ለሌላ ሰው የሚነግረው፣ በማስታወሻ ደብተር የሚጽፈው እሱን ብቻ ነው። አንድ ሰርቨር ሲነሳ የቅንብር ፋይሉን የሚፈልገውም በአድራሻ ነው፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። አስተዳዳሪው አሮጌውን አንስቶ በዚያው ስም አዲስ ካስቀመጠ ሰርቨሩ አዲሱን ማንበብ አለበት፤ አሮጌውን ፍለጋ ሌላ ፎልደር ውስጥ ቢገባ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው መልስ ቁጥር ነው። ስምን ከፋይሉ መነጠል የዩኒክስ ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ በሠሩት ሥርዓት ፋይል ማለት ቁጥር ያለው መዝገብ ነው፤ አይኖድ ይባላል። የፋይሉ ባለቤት፣ መጠኑ፣ የተሻሻለበት ሰዓት፣ ይዘቱ ዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ ሁሉም እዚያ አለ። ስሙ ብቻ የለም። ስሙ ያለው ፎልደሩ ውስጥ ነው፤ ፎልደሩ ራሱ ደግሞ በቀድሞዎቹ የዩኒክስ እትሞች የ16 ባይት መስመሮች ዝርዝር ነበር፦ 2 ባይት ለአይኖዱ ቁጥር፣ 14 ባይት ለስሙ። ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ከዚህ ቀላል ዝርዝር የሚከተለው ግን ብዙ ነው። አንድ ፋይል ሁለትና ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። ስም መቀየር ፋይሉን ፈጽሞ አይነካውም። 40 ጊጋባይት ቪዲዮ በአንድ ዲስክ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር በቅጽበት የሚዛወረው ከአንዱ ዝርዝር አንዲት መስመር ተሰርዛ በሌላው ስለተጻፈች ብቻ ነው። ቪዲዮው ወደ ሌላ ዲስክ ሲዛወር ግን ነገሩ ይለያል፤ በሙሉ ይገለበጣል፣ የመጀመሪያው ይሰረዛል፣ አዲሱም አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። ለተጠቃሚው ሁለቱም «ማዛወር» ናቸው። በቁጥር ለሚከታተል ፕሮግራም የመጀመሪያው እዚህ ግባ የማይባል ለውጥ ነው፤ ሁለተኛው ግን የአንድ ፋይል መጥፋትና የሌላ ፋይል መፈጠር ነው።

ፕሮግራም ፋይሉን አንዴ ከከፈተው በኋላ በእጁ የሚይዘው ስሙን ሳይሆን መዝገቡን ነው። ስለዚህም በሊኑክስ ላይ ክፍት ያለ ፋይል ቢሰረዝ ስሙ ይጠፋል እንጂ ይዘቱ የከፈተው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ትልልቅ የሎግ ፋይሎችን ሰርዘው ዲስኩ አሁንም «ሙሉ ነኝ» ሲላቸው የሚደናገሩት በዚህ ነው። ፋይሉ ስም አጥቶ በሕይወት አለ፤ ቦታው የሚለቀቀው ፕሮግራሙ ሲዘጋ ነው።

የስምና የቁጥር ልዩነት በአንዲት ትዕዛዝ ውስጥ ፍንትው ብሎ የሚታየው «ቴይል» ላይ ነው። ይህች ትዕዛዝ የአንድን ሎግ መጨረሻ እየተከታተለች አዳዲስ መስመሮችን ታሳያለች። ሰርቨሮች ደግሞ ሎግ እንዳይከመርባቸው ሌሊት ላይ የዕለቱን ፋይል ስም ቀይረው መጨረሻው ላይ «1» ይጨምሩበትና በቀድሞው ስም ባዶ ፋይል ይከፍታሉ። ትዕዛዟ በትንሿ «ኤፍ» ከተሰጠች የያዘችው መዝገቡን ነው። ስለዚህ ስሙ የተቀየረውን አሮጌ ፋይል ይዛ ትቀመጣለች፤ ማንም አይጽፍበትምና ጠዋት ድረስ ጸጥ ትላለች። በትልቋ «ኤፍ» ስትሰጥ የምትከታተለው ስሙን ነው። በዚያ ስም ሌላ ፋይል እንደተተካ ታውቃለች፣ ወደ አዲሱም ትሸጋገራለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ ያለው አንዱ ሲፈለግ ሌላውን በመጻፍ ላይ ነው። የዚህች ትዕዛዝ ሠሪዎች ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተው ምርጫውን ለሰው ማስረከባቸውን አደንቃለሁ። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ምርጫ ተጠቃሚው ሳያውቅ በልባቸው ይጨርሱታል።

ቁጥርም ቢሆን ለዘላለም አይታመንም። ፋይል ሲሰረዝ የአይኖዱ ቁጥር ነፃ ይሆናል፤ ቀጥሎ ለሚፈጠረው ፋይል ይሰጣል። በሊኑክሱ የፋይል ሥርዓት በኤክስት4 ላይ ይህ በሰከንዶች ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሎግ ሰብስበው ወደ ማዕከል የሚልኩ ፕሮግራሞች በዚህ ተሰናክለዋል። ፕሮግራሙ «ይህን ቁጥር ያለውን ፋይል እስከዚህ ባይት ድረስ አንብቤዋለሁ» ብሎ መዝግቧል፤ ፋይሉ ተሰርዞ ቁጥሩ ለአዲስ ሎግ ሲደርስ አዲሱን ከመጀመሪያው ማንበብ ሲገባው ከመሐል ይጀምራል። የዘለላቸው መስመሮች መጥፋታቸውን የሚያውቅ የለም።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ቁጥሩን ከትውልድ ቁጥር ጋር ማጣመር ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ፋይልን በኔትወርክ የሚያጋራውን ኤንኤፍኤስን ሲሠራ ጥያቄው ግልጽ ሆኖ ተጋርጦበት ነበር። አንድ ኮምፒውተር ሰርቨሩ ላይ ላለ ፋይል መያዣ ተሰጥቶት ሳለ ፋይሉ ተሰርዞ በቁጥሩ የሌላ ሰው ፋይል ቢፈጠር፣ በአሮጌው መያዣ የሌላውን ሰው ሰነድ ማንበብ አይገባውም። ስለዚህ መያዣው ውስጥ ከአይኖዱ ጎን፣ ቁጥሩ እንደገና ለሌላ ፋይል በተሰጠ ቁጥር የሚለወጥ ሌላ ቁጥር ገባ። ካልተዛመደ ሰርቨሩ «መያዣው ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ይመልሳል። መልእክቱ ብዙ ሰው ያማርራል፤ ለእኔ ግን ሐቀኛ መልስ ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፦ የፋይሉ መለያ 64 ቢት ሲሆን 48ቱ የመዝገቡን ተራ ቁጥር፣ 16ቱ መዝገቡ ስንተኛ ጊዜ ሥራ ላይ እንደዋለ ይናገራሉ።

እስካሁን ያየነው ፋይሉ ሲዛወርና ሲሰረዝ የሚሆነውን ነው። ትልቁ እንቅፋት የመጣው ግን ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ነው፤ ያውም በጥንቃቄ ሲደረግ። አንድ የጽሑፍ ፕሮግራም በአሮጌው ፋይል ላይ በቀጥታ ቢጽፍና መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌውም አዲሱም ይበላሻሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራም አዲሱን ይዘት በጊዜያዊ ስም ሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ዲስኩ ላይ በትክክል መውረዱን በ«ኤፍሲንክ» ያረጋግጣል፣ ከዚያ በአንድ ምት የጊዜያዊውን ስም ወደ ትክክለኛው ስም ይቀይራል። ከመቀየሩ በፊት መብራት ቢሄድ አሮጌው አለ፣ ከተቀየረ በኋላ ቢሄድ አዲሱ አለ። ማረጋገጫውን የዘለሉ ፕሮግራሞች ምን እንደሚገጥማቸው በ2009 ታይቷል። ያኔ አዲስ የነበረው ኤክስት4 መረጃውን ዲስክ ላይ ለመጻፍ ቆየት ይል ስለነበር ኮምፒውተራቸው በድንገት የቆመባቸው ሰዎች የቅንብር ፋይሎቻቸውን ዜሮ ባይት ሆነው አገኙ። የኤክስት4 መሪ ቴዎዶር ጾ ጥፋቱ ማረጋገጫውን የዘለሉት ፕሮግራሞች እንደሆነ ቢከራከርም ጉዳቱን የሚቀንስ ማስተካከያ ከርነሉ ውስጥ አስገብቷል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ይህ የተመሰገነ አሠራር በእያንዳንዱ ሴቭ አዲስ ፋይል ይፈጥራል። ስሙ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ። ሰነዱን በቁጥር ሲከታተል የነበረ ፕሮግራም ባለቤቱ ሴቭ ባለ ቁጥር ፋይሉን ያጣዋል። ጥንቃቄውና ክትትሉ እርስ በርሳቸው ተጋጩ።

በዚህ ግጭት ውስጥ ከሁሉ ጠልቆ የኖረው አፕል ነው። የማኪንቶሹ ኤችኤፍኤስ ከ1985 ጀምሮ ለፋይሎችና ለፎልደሮች ቁጥር ይሰጥ ነበር። በ1991 በወጣው ሲስተም 7 ደግሞ «ኤሊያስ» የሚባለው መጠቆሚያ መጣ። ኤሊያስ አንድ አድራሻ ብቻ አይደለም የሚይዘው፦ የፋይሉን ስም፣ ቁጥሩን፣ የወላጅ ፎልደሩን ቁጥር፣ ሙሉ አድራሻውን፣ የዲስኩን ስምና ዲስኩ የተፈጠረበትን ቀንና ሰዓት ጭምር ይመዘግባል። ተጠቃሚው ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ቢጎትተው፣ ስሙን ቢቀይረው፣ መጠቆሚያው ያገኘዋል። ፋይሉ ያለበት ዲስክ ካልተሰካ «እገሌ የሚባለውን ዲስክ አስገባ» ብሎ በስሙ ይጠይቃል። በዚያው ዘመን የነበረ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ይህን አያውቀውም፤ ከቁጥር ጋር የሚመሳሰል መለያ ለፋይል ሰጥቶ ሾርትከት የሚያሳድድ አገልግሎት ዊንዶውስ ያገኘው በዊንዶውስ 2000 ነው።

ማክ ኦኤስ ኤክስ ሲመጣ የዩኒክስ ልማድ አብሮ መጣ፤ ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ስም የመተካቱ ልማድም እንዲሁ። አፕል ቀደም ብሎ ለዚህ መላ ነበረው፤ ሁለት ፋይሎች ቁጥራቸውን እንደያዙ ይዘታቸውን ብቻ የሚለዋወጡበት ጥሪ ለፕሮግራመሮች ሰጥቶ ነበር። ከዩኒክስ ዓለም የመጡት ፕሮግራሞች ግን ጥሪውን አያውቁትም ነበር። በመጨረሻ አፕል በ2002 በ10.2 እትም ላይ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ቀድሞ ኤሊያስ መጀመሪያ በቁጥር ይፈልግ ነበር፣ ካጣ በአድራሻ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በአድራሻ ይፈልጋል፣ እዚያ ምንም ካላገኘ ብቻ በቁጥር።

ይህ መገልበጥ ትንሽ የቴክኒክ ለውጥ ይመስላል። አንድ ጋዜጠኛ የሪፖርቱን አሮጌ ረቂቅ «የቆዩ» ወደሚል ፎልደር አዛውሮ በቀድሞው ቦታ በቀድሞው ስም አዲስ ረቂቅ ቢያስቀምጥ፣ የ1991ዱ ኤሊያስ አሮጌውን ይከፍትለታል፣ የ2002ቱ አዲሱን። የትኛውን ነው የሚፈልገው? ለሪፖርቱ አዲሱን። ነገር ግን ያው ሰው የዘፈን ዝርዝር ቢኖረውና ዘፈኖቹን በአዲስ አደረጃጀት ቢያዘዋውር የሚፈልገው የትም የሄደውን ያንኑ ዘፈን ነው። አፕል ለብዙኃኑ የሚስማማውን መረጠ፤ ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ከፋይሉ ጋር የሚሠራው ፕሮግራም እንጂ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ብቻውን ሊያውቀው የማይችል ነገር አለ፤ ያም ተጠቃሚው ፋይሉን ለምን እንደፈለገው ነው።

ከፋይል ወደ ዲስክ ስንሻገር ያው ጥያቄ በትልቁ ይመጣል። ሊኑክስ ዲስኮችን ባገኛቸው ቅደም ተከተል «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» እያለ ስለሚሰይም፣ አንድ ዲስክ ተጨምሮ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ትናንት «ቢ» የነበረው ዛሬ «ሲ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሊኑክስ ስርጭቶች የሚመዘግቡት ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ በላዩ የሚጻፈውን የ128 ቢት መለያ ነው፤ ዩዩአይዲ ይባላል። በዘፈቀደ የሚወጣ ስለሆነ ሁለት ዲስኮች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ቁጥር ይደርሳቸዋል ተብሎ አይፈራም። ዊንዶውስም ከፊደሉ ጀርባ ለእያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ረጅም መለያ ይዟል፤ የቪዲዮ ፕሮግራሞች ግን ፕሮጀክታቸው ውስጥ ፊደሉን መጻፍ ይቀላቸዋል። ብዙ ፍላሾች የሚፎርማቱበት ፋት32 ያለው መለያ 32 ቢት ብቻ ነው፤ እሱም በተለምዶ ፎርማት ከተደረገበት ቀንና ሰዓት የሚወጣ ነው።

አጋጣሚ ባይፈራም ኮፒ ይፈራል። ዲስክን ባይት በባይት የገለበጠ ሰው መለያውንም ይገለብጣል፤ አሁን በዓለም ላይ አንድ ብቻ መሆን የነበረበት ቁጥር ሁለት ዲስክ ላይ አለ። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት መለያው ቀድሞ ከተከፈተ ዲስክ ጋር የሚመሳሰል ዲስክ ሲመጣ አልከፍትም ይላል። ዊንዶውስ የዲስኮች ፊርማ ሲጋጭበት ሁለተኛውን ከመስመር ውጭ ያደርገዋል። የቢቲአርኤፍኤስ ሰነዶች ደግሞ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ማሽን ላይ አብረው ከታዩ መረጃ ሊበላሽ እንደሚችል በግልጽ ያስጠነቅቃሉ። የተበላሸ ዲስክ መረጃ ለማዳን የሚሠሩ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት እንዲህ ያለ ሙሉ ግልባጭ ማውጣት ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቁ ሁለቱን ጎን ለጎን መሰካት አደገኛ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት ግን ዲስኩ ሳይኖር የሚፈጸመው ነው። በማክና በሊኑክስ ውጫዊ ዲስክ ፊደል የለውም፤ ዋናው የፎልደሮች ዛፍ ላይ እንደ አንድ ፎልደር ይከፈታል። በማክ ላይ «ባክአፕ» የሚባል ዲስክ «ቮልዩምስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ባክአፕ» ሆኖ ይታያል። ማታ ማታ ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም አድራሻውን ብቻ አምኖ ሲሠራ አንድ ቀን ዲስኩ አልተሰካም እንበል። ፕሮግራሙ ፎልደሩ እንደሌለ አይቶ ራሱ ይፈጥረዋል፣ ኮፒውንም ያንኑ ሊጠበቅ በታሰበው ውስጣዊ ዲስክ ላይ ይከምራል። ሥራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ብሎም ይመዘግባል። በማግስቱ ዲስኩ ሲሰካ ስሙ በፎልደሩ ተይዟልና ማኩ «ባክአፕ 1» ብሎ ይከፍተዋል፤ ፕሮግራሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ የተሳሳተው ቦታ ላይ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ የተሰረቀ ዕለት ኮፒውም አብሮ ይሄዳል። መከላከያው ሁለት መስመር ኮድ ነው፦ ከመጻፍ በፊት በዚያ አድራሻ በእርግጥ ሌላ ዲስክ መከፈቱን፣ መለያውም የተመዘገበው መሆኑን ማየት፤ ካልሆነ ምንም ሳይጽፉ ቆሞ መናገር።

ሦስተኛው መልስ ይዘቱ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ጊት ፋይልን የሚያውቀው ከይዘቱ በሚሰላ አሻራ ነው። ፋይል ስሙ መቀየሩን ጊት አይመዘግብም፤ በአንድ ስም የጠፋ ይዘት በሌላ ስም ብቅ ሲል አይቶ «ይህ ያ ነው» ብሎ ይገምታል። አሻራ የማይዋሽ ምስክር ነው፤ ችግሩ ውድነቱ ነው። 2 ቴራባይት ቪዲዮ በየዕለቱ አንብቦ አሻራ ማስላት አያዋጣም። ስለዚህ ጊት ራሱም፣ በ1996 የወጣው አርሲንክም መጀመሪያ የሚያዩት የፋይሉን መጠንና የተሻሻለበትን ሰዓት ነው። እነዚህ ካልተለወጡ ይዘቱም አልተለወጠም ብለው ያልፋሉ።

ሰዓት ግን ደካማ ምስክር ነው። ፋት32 የማሻሻያ ሰዓትን የሚመዘግበው በ2 ሰከንድ ልዩነት ነው፤ በዚያ ላይ የሚጽፈው የሰዓት ቀጠናውን ሳይጠቅስ የአካባቢውን ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የቤተሰብ ፎቶ በፍላሽ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ቢልክ፣ እዚያ በ2፡00 ከሰዓት የተመዘገበው ፋይል እዚህም 2፡00 ከሰዓት ተብሎ ይነበባል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ግን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ፎቶዎቹን በኢንተርኔት ከተላከው ቅጂ ጋር የሚያመሳስል ፕሮግራም ሁሉም የተለወጡ መስለው ይታዩታል፣ ሁሉንም እንደገና ይገለብጣል። በኋላ የመጣው ኤክስፋት የቀጠናውን ልዩነት የሚጽፍበት ቦታ አለው፤ ፍላሽን በዚያ መፎርማት ብቻውን ይህን ጣጣ ይቀንሳል።

ለውጥን ከመፈለግ ይልቅ ለውጥ ሲኖር እንዲነገር ማድረግም ይቻላል። ሊኑክስ ከ2005 ጀምሮ አይኖቲፋይ አለው፣ ማክ ከ2007 ጀምሮ ኤፍኤስኢቨንትስ፣ ኤንቲኤፍኤስ ደግሞ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ የለውጥ ጆርናል ይጽፋል። በዚህ ላይ የምጨምረው አጭር ማሳሰቢያ ብቻ ነው፦ ሦስቱም ያመለጣቸው ነገር እንዳለ የሚናገሩበት ምልክት አላቸው። ወረፋው ሲሞላ ወይም የጆርናሉ መለያ ሲለወጥ ፕሮግራሙ ሁሉንም እንደገና ማየት አለበት። ያንን ምልክት የማያነብ ፕሮግራም ሰላማዊ ቀን ላይ ጥሩ ይሠራል፤ በሺህ የሚቆጠር ፋይል በአንዴ ሲገለበጥ ግን የተወሰኑትን አያያቸውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚጨመር ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ከገባ ወዲህ ፋይልን በራሳችን ፊደል መሰየም ተራ ነገር ሆኗል። ነገር ግን «ሠርግ» እና «ሰርግ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው። አንዱ ሠራተኛ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ፊደል ሲጽፍ የአንድ ደንበኛ ሥራ ለሁለት ይከፈላል፤ ፍለጋውም ግማሹን ብቻ ያገኛል። ሌላው ደግሞ ርዝመት ነው። ኤንቲኤፍኤስ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። ኤክስት4 የሚቆጥረው ባይት ነው፣ 255 ባይት። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በሊኑክስ ላይ 3 ባይት ስለሚይዝ የሚፈቀደው 85 ፊደል ብቻ ነው። የዜና ርዕስን፣ የመዝሙር ሙሉ ስምን ወይም የስብከት ርዕስን ከነተናጋሪው እንዳለ የፋይል ስም የሚያደርግ ሰው ዊንዶውስ ላይ ምንም አይታየውም፤ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለብጥ ረጃጅሞቹ አይገቡም። የሚገለብጠው ፕሮግራም ስህተቱን አውጥቶ ካልተናገረ ደግሞ የጎደሉት መጉደላቸው እንኳ አይታወቅም። የአማርኛ ክምችት ያለው ማንኛውም ተቋም ባክአፑን ሲፈትሽ መጀመሪያ መቁጠር ያለበት ይህን ይመስለኛል።

ስልኮች ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወስደውታል። አንድሮይድ በ2013 በ4.4 እትሙ ባመጣው አሠራር አፕሊኬሽን አድራሻ አይሰጠውም። ተጠቃሚው ፋይሉን ይመርጣል፣ ሲስተሙ ለዚያ ፋይል ብቻ የሚሠራ መያዣ ለአፕሊኬሽኑ ይሰጣል፤ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራም መያዣው እንዲጸና መጠየቅ ይቻላል። ከ2020ው አንድሮይድ 11 ወዲህ ለአብዛኞቹ አፕሊኬሽኖች በማከማቻው ውስጥ እንደልብ መዘዋወር ቀርቷል። ይህን ለግላዊነት ሲባል የመጣ ለውጥ አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ ለክትትልም ግን ትልቅ ለውጥ ነው። ፋይሉ ሲዛወር መያዣው ይጸናል ወይስ ይሞታል የሚለውን የሚወስነው ፋይሉን የያዘው አቅራቢ ነው፤ የስልኩ ማከማቻ አንድ ዓይነት መልስ፣ የደመና አገልግሎት ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። የአፕሊኬሽን ሠሪ ማድረግ የሚችለው ከመያዣው ጎን ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን መዝግቦ፣ መያዣው ሲሞት ተጠቃሚውን «ይህን በዚህ ስም የነበረውን ፋይል እንደገና አሳየኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። በግምት ሌላ ፋይል ከመክፈት መጠየቅ ይሻላል።

ደመናው አንድ አዲስ ዓይነት ፋይልም አምጥቷል፤ ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ይዘቱ ግን እስኪከፈት ድረስ በይነመረብ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት በዋንድራይቭ ላይ ይህን በ2017 አስገብቷል። ይዘቱን እያነበበ አሻራ የሚያሰላ የባክአፕ ወይም የፍለጋ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ፎልደር ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱን ፋይል ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ማለት የገዛው ፓኬጅ ሳያውቅ በአንድ ማታ አለቀ ማለት ነው። ዊንዶውስ እነዚህን ፋይሎች በልዩ ምልክት ይለያቸዋል፤ ፕሮግራሙ ከመክፈቱ በፊት ምልክቱን አይቶ ማለፍ ይችላል። ባክአፕ የሚያደርግ ፕሮግራም የሚገዛ ወይም የሚያሠራ ሰው ምልክቱን እንደሚያነብ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ በትንሽ ፎልደርም ይሞክረው።